የቤንጃሚን ፍራንክሊን የሰዓት ሰሌዳ

ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት በተማሪዎች መኝታ ቤት የሚዘዋወር ሰው ከየአልጋው ራስጌ በላይ አንዳንድ ወረቀት ተለጥፎ ያያል። ወረቀቱ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ርእሱ በቀይ ቀለም የተጻፈ የጥናት ሰዓት ሰሌዳ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት፤ እስከ 12 ሰዓት ታሪክ፤ ከምሳ በኋላ እንግሊዝኛ፤ ማታ ከ1 እስከ 5 ሰዓት ቤተ መጻሕፍት፤ ቅዳሜ ልብስ ማጠብና ያለፈውን መከለስ። እንደ ተጻፈው ቢፈጸም ኖሮ ሁላችንም በዓመቱ መጨረሻ ሊቃውንት በሆንን ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ግን ወረቀቱ አንድ ጥጉ ተላቆ ነፋስ ሲያወዛውዘው ይታያል እንጂ ባለቤቱ ቀና ብሎም አያየው። እኔ ራሴ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ሰሌዳ አውጥቼ አምስቱንም ትቻለሁ፤ ከአምስቱ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ዐሥራ አንድ ቀን ኖሯል።

በዚህ ነገር እያፈርሁ ሳለ የአሜሪካዊው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ታሪክ በእጄ ገባ። ስለ ሰዓት አጠቃቀም ምክር የሚሰጡ ሰዎች የዚህን ሰው ስም ማንሣት ይወዳሉ፤ ሃያ አራቱን ሰዓት ከፋፍሎ ያወጣው ሰሌዳም በብዙ መጻሕፍት ታትሟል። ሰውዬው ራሱ የጻፈውን የሕይወት ታሪክ እስከ ፍጻሜው ለሚያነብ ግን ነገሩ እንደሚወራለት ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ የፍራንክሊንን ሕይወት ከተማሪነቱ በኩል ብቻ ልተርከው አስቤአለሁ፤ ትምህርት ቤት ገባ ከማይባልበት ደረጃ ተነሥቶ ዕድሜውን በሙሉ ተማሪ ሆኖ የኖረ ሰው ነውና። ዓመቶቹን በአውሮፓ፣ ሰዓቶቹን ግን ለአንባቢ እንዲመች በእኛ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ፍራንክሊን በጃንዋሪ 17 ቀን 1706 በቦስተን ከተማ ተወለደ። አገሩ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ነበረች። አባቱ ጆሳያ ከሞራ ሻማ እየሠራ፣ ሳሙና እየቀቀለ የሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ከሁለት ሚስቶች 17 ልጆች ወልዷል፤ ቤንጃሚን 15ኛው፣ ከወንዶቹም የመጨረሻው ነበረ። አባትዮው ይህን ልጅ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሊሰጠው አስቦ በስምንት ዓመቱ ላቲን ከሚያስተምር ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁም ዓመት ሳይሞላው ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረ። ነገር ግን የቤተ ሰቡ ብዛትና የኮሌጁ ወጪ ሲታሰብ አልሆነም፤ ልጁ ጽሕፈትና ሒሳብ ብቻ ወደሚማርበት ሌላ ቤት ተላከ። በጽሕፈቱ ደኅና ነበር፤ ሒሳቡን ወደቀ። ዐሥር ዓመት ሲሞላው ከትምህርት ቤት ወጥቶ በአባቱ ቤት የሻማ ክር መቍረጥ፣ ሞራ በሻማው ቅርጽ ውስጥ መሙላት፣ ሱቅ መጠበቅና መላላክ ሥራው ሆነ። በዘመኑ ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ሰው ከወንበር ተቀምጦ የተማረው ከዚህ አይበልጥም፤ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው።

ልጁ የሻማውን ሥራ ጠላ፤ መርከበኛ ለመሆንም ይመኝ ነበር። አባቱ መጽሐፍ መውደዱን አይቶ በ12 ዓመቱ የማተሚያ ቤት ከነበረው ከታላቅ ወንድሙ ከጄምስ ዘንድ ለማጅ አድርጎ አስቀጠረው። ውሉ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ ያለ ደመወዝ እንዲያገለግል የሚያስር ነበር። ደመወዝ የሚያገኘው በመጨረሻው ዓመት ብቻ ነው። ወንድምየው ደግሞ እጁ የሚፈጥን ሰው ስለ ነበረ ብዙ ጊዜ ይመታው ነበር።

ሆኖም ማተሚያ ቤት መጽሐፍ የሚያልፍበት በር ነው። ቤንጃሚን ከመጽሐፍ ነጋዴዎች ለማጆች ጋር ተወዳጀና ማታ ማታ መጽሐፍ ይዋስ ጀመር። መጽሐፉ በማግሥቱ ገዢ ሊመጣበት ስለሚችል ሱቅ ሳይከፈት ንጹሕ እንደ ሆነ ከቦታው መመለስ አለበት። ስለዚህ ልጁ አብዛኛውን ሌሊት በሻማ ብርሃን ተቀምጦ ይጨርሰዋል። ከቤተ መጻሕፍት ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚሰጠውን መጽሐፍ የተዋሰ ተማሪ ይህን ዐይነት ንባብ ያውቀዋል። ለሴሚስተሩ በሙሉ የያዝነው መጽሐፍ ሳይገለጥ ይከርምና የአንድ ሌሊቱ ያልቃል። ፍራንክሊንም በዚህ ዕድሜው የጥናት ሰሌዳ ነበረው የሚል ነገር አላገኘሁም፤ የነበረው የመመለሻ ሰዓት ነው።

አሁን ስለ አንድ ጓደኛው መናገር ያስፈልገኛል። በቦስተን ጆን ኮሊንስ የሚባል መጽሐፍ ወዳድ ልጅ ነበረ። ሁለቱ ሲገናኙ ክርክር አያጡም። አንድ ቀን ሴቶች ልጆች ከፍ ያለ ትምህርት ሊማሩ ይገባልን፣ ችሎታውስ አላቸውን የሚል ነገር ተነሣ። ኮሊንስ አይገባም፣ አይችሉምም አለ፤ ፍራንክሊን ደግሞ ይገባል ብሎ ቆመ። ከልቡ ይሁን ለክርክሩ ያህል እርሱ ራሱም በሽምግልናው ሲጽፍ እርግጠኛ አይመስልም። ኮሊንስ አንደበቱ የተባ ስለ ነበረ በሐሳብ ሳይሆን በቃል ጎርፍ ይረታው ነበር። ሳይቋጩት ተለያዩና ክርክሩ በደብዳቤ ቀጠለ። ሦስት አራት ደብዳቤ ከተለዋወጡ በኋላ ወረቀቶቹ ከአባትየው እጅ ገቡ። ጆሳያ ስለ ክርክሩ ፍሬ ነገር ምንም ሳይናገር ልጁን ጠርቶ፣ በፊደል አጣጣልና በነጥብ አገባብ ከጓደኛው እንደሚበልጥ፣ በአነጋገር ውበት፣ በሐሳብ ቅደም ተከተልና በግልጽነት ግን ከጓደኛው እጅግ እንደሚያንስ ቦታ ቦታውን እየጠቀሰ አሳየው። ሻማ ሠሪው አባት ያደረገው እርማት ብዙ መምህራን ከሚያደርጉት የተሻለ ይመስለኛል፤ ወረቀቱ ላይ ቍጥር ጽፎ አልመለሰለትም።

ልጁ አልተቀየመም። በዚያው ሰሞን ስፔክቴተር የተባለው የሎንዶን መጽሔት የተጠረዘበት ሦስተኛው ቅጽ አጋጠመውና ገዛው፤ ደጋግሞም አነበበው፤ እንደዚህ መጻፍ ብችል ብሎም ተመኘ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ስለ ሆነ ትንሽ ልቈይበት።

አንዱን ድርሰት ይወስድና የየዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በሁለት በሦስት ቃል ብቻ በማስታወሻ ይይዛል። ማስታወሻውን ለጥቂት ቀን ያስቀምጠዋል። ቃላቱ ከአእምሮው ሲጠፉ፣ መጽሐፉን ሳይከፍት፣ ድርሰቱን በራሱ ቃል እንደ ገና ለመጻፍ ይሞክራል። ጽፎ ሲጨርስ ከዋናው ጋር ያስተያይና ስሕተቱን እያገኘ ያርማል። ሲያስተያይ የቃል ድህነት እንዳለበት ተረዳ። ግጥም የሚጽፍ ሰው ለቤት መምቻና ለምጣኔ ሲል አንድን ሐሳብ በብዙ ቃል ማገላበጥ ግድ ስለሚሆንበት፣ ከታሪኮቹ አንዳንዱን ወደ ግጥም ይለውጥ ጀመር። ዋናው ጽሑፍ ደኅና አድርጎ ሲረሳውም ግጥሙን መልሶ ወደ ስድ ንባብ ያመጣዋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የያዛቸውን ማስታወሻዎች ሆን ብሎ ያደባልቃቸውና ከጥቂት ሳምንት በኋላ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሊያሰልፋቸው ይሞክራል፤ ይህ ሐሳብን በሥርዓት መደርደር ያስተምረው ነበር። ከዋናው ጋር ሲያስተያይ አልፎ አልፎ በጥቃቅን ቦታ ከደራሲው የተሻለ ነገር ያገኘ ይመስለውና ደስ ይለዋል።

እኛ ስናጠና ብዙዎቻችን የምናደርገው ማንበብና በቀለም ማስመር ነው። አንብበን ስናበቃ ገጹ የታወቀ ፊት ሆኖ ይታየናል፤ ያወቅነው ይመስለናል፤ በፈተናው ቀን ባዶው ወረቀት ሲሰጠን ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል። ፍራንክሊን ያንን ባዶ ወረቀት በየሳምንቱ ለራሱ ይሰጥ ነበር። መርሳትንም እንደ ጠላት አልቈጠረውም፤ ጥቂት ቀን ይጠብቀዋል፤ ሲረሳ ነው ሥራ የሚጀምረው። መምህር የለውም፤ እርማት ግን አለው።

ለዚህ ሁሉ ሰዓቱን ከየት አገኘ? ማታ ከሥራ በኋላ፣ ጧት ከሥራ በፊት፣ እሑድም ቀን ነው። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይገባው ነበር፤ ግዴታው መሆኑንም ያውቃል፤ ግን ጊዜ የለኝም እያለ በማተሚያ ቤቱ ብቻውን ይቀር ነበር። (እናቴ ይህን ብትሰማ መጽሐፉን ወዳመጣሁበት እንድመልስ ታዝዘኛለች።) በ16 ዓመቱ ደግሞ አትክልት ብቻ መብላትን የሚመክር መጽሐፍ አንብቦ ሥጋ ተወ። ወንድሙ ሚስት ስላልነበረው ራሱንም ለማጆቹንም በሌላ ሰው ቤት ከፍሎ ያበላ ነበር፤ ቤንጃሚን ለእኔ የምትከፍለውን ግማሹን ብቻ ስጠኝና ራሴን ልቀልብ አለው። ጄምስ ወዲያው ተስማማ። ልጁ ከተቀበለው ገንዘብ ደግሞ ግማሹን አተረፈና መጽሐፍ ገዛበት። ከገንዘቡ የሚበልጠው ትርፍ ሰዓቱ ነበር፤ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እርሱ አንድ ቍራሽ ዳቦ፣ አንድ ጭብጥ ዘቢብና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዞ ይቀመጥና እስኪመለሱ ድረስ ያጠናል። በትምህርት ቤት ሳለ ሁለት ጊዜ የወደቀውን ሒሳብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀላሉ የተወጣው በዚህ የምሳ ሰዓት ዘመን ነው። አፍሮበት ስለ ነበር ነው የጀመረው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ ቶሎ ልለፈው። በ1722 በመበለት ስም 14 ደብዳቤዎች ጽፎ፣ በሌሊት በማተሚያ ቤቱ በር ሥር እያሾለከ፣ ወንድሙ ደራሲውን ሳያውቅ በጋዜጣው እንዲያትማቸው አደረገ። በ1723 ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ፣ ውሉን ጥሎ በስውር ኮበለለ፤ ፊላደልፊያ ሲደርስ 17 ዓመቱ ነበር።

ኮሊንስ ግን ተከተለው። ፍራንክሊን ስለ ልጅነት ጓደኛው ሲጽፍ ከራሱ ይልቅ ለማንበብ ሰፊ ጊዜ የነበረው፣ በሒሳብ ትምህርትም እጅግ አድርጎ የሚበልጠው እርሱ እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ይመሰክራል። የቦስተን ካህናትና የተከበሩ ሰዎችም ትልቅ ቦታ ይደርሳል ብለው ያከብሩት ነበር። በ1724 በኒው ዮርክ ሲገናኙ ግን ኮሊንስ አረቄ መጠጣት ልማድ አድርጎታል፤ ከተማው ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ሰክሯል፤ ቁማርም ተጫውቶ ገንዘቡን ጨርሷል። ፍራንክሊን የእንግዳ ቤት ዕዳውን ከፈለለት፤ ወደ ፊላደልፊያ አብሮ ወሰደው፤ ሥራ ቢፈልግም የአፉን ሽታ ከፊቱ አኳኋን ጋር እያዩ የሚቀጥረው ሰው ታጣ። አንድ ቀን በወንዝ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ተራዬን አልቀዝፍም ብሎ ተጣሉና ፍራንክሊን ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ጣለው። ብዙ ሳይቈይ የሰው ልጆች ሊያስተምር ወደ ባርባዶስ ሄደ፤ ዕዳውን ከመጀመሪያው ገንዘብ እንደሚልክ ቃል ገባ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው አልተሰማም። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። በአንድ መጽሐፍ ላይ አብረው ያጐነበሱ፣ አንደኛው ጊዜም ችሎታም የበለጠው ሁለት ልጆች ነበሩ፤ የአንዱ ፊት በአሜሪካ የመቶ ዶላር ወረቀት ላይ ታትሞ ይኖራል፣ የሌላውን መቃብር የሚያውቅ የለም።

ፍራንክሊንም ቢሆን ጨዋ ሆኖ ብቻ አልኖረም። በ18 ዓመቱ ሎንዶን ሄዶ ያገኘውን ደመወዝ በቴያትር ቤትና በመዝናኛ ጨርሶታል፤ ኋላም በራሱ ላይ የጻፋቸው ጥፋቶች ጥቂት አይደሉም። ግን በዚያም ቢሆን ከመጽሐፍ አልተለየም፤ ከመኖሪያው አጠገብ የነበረ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እንዲያውሰው ተዋዋለ። በማተሚያ ቤቱ ሌሎቹ ሠራተኞች ጧት ቢራ፣ በምሳ ቢራ፣ ማታ ቢራ ሲጠጡ እርሱ ውሃ እየጠጣ፣ ሌላው በሁለት እጁ የሚሸከመውን የተለቀመ ፊደል በእያንዳንዱ እጁ አንዳንድ ይዞ ደረጃ ይወጣ ነበር። በ1726 ወደ አሜሪካ ሲመለስም በመርከብ ላይ ሳለ ለወደፊት ኑሮው የሚመራበትን ዕቅድ ጻፈ። ሃያ ዓመቱ ነበር።

በ1727 በፊላደልፊያ ጁንቶ የተባለ የመማማሪያ ማኅበር አቋቋመ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ አባል በተራው ስለ ግብረ ገብ፣ ስለ መንግሥት አስተዳደር ወይም ስለ ተፈጥሮ ጥያቄ ያቀርባል፤ በየሦስት ወሩም የራሱን ድርሰት ያነባል። አባሎቹ የታወቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ከመካከላቸው መስተዋት ገጣሚ፣ ጫማ ሰፊ፣ ጸሐፊና ፊደል ለቃሚ ይገኛሉ። መስተዋት ገጣሚው ቶማስ ጎድፍሬይ በራሱ ጥረት የሒሳብ ሊቅ የሆነ ሰው ነበር። በክርክር ላይ በእልክ ሌላውን የሚቃረን ሰው ጥቂት ገንዘብ ይቀጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ማኅበሩ ለፍራንክሊን ያደረገለት ትልቅ ነገር፣ ዓርብ ሲመጣ ባዶ እጁን መግባት እንዲያፍር ማድረጉ ነው። ወዳጆቹ መጽሐፎቻቸውን በአንድ ክፍል አከማችተው በጋራ ሊያነቡ ሞከሩ፤ ጠባቂ ስላልነበረው መጽሐፎቹ ተበላሹና በዓመቱ ሁሉም የየራሱን ይዞ ሄደ። ፍራንክሊን ከዚህ ውድቀት ተነሥቶ በ1731 አባሎች መዋጮ እያዋጡ የሚጠቀሙበትን ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ፤ ይህ ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ በፊላደልፊያ አለ። እርሱም በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ለንባብ እየለየ፣ አባቱ ሊሰጠው ያልቻለውን የኮሌጅ ትምህርት በከፊል እንደ ተካበት ይናገራል። በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው፤ ዐሥር ሰዓት አይልም።

በ1733 የውጭ ቋንቋዎችን ማጥናት ጀመረ። ፈረንሳይኛውን ቶሎ ለመደና ጣልያንኛ ያዘ። ጣልያንኛ የሚማር አንድ ወዳጁ ግን ሰንጠረዥ እንጫወት እያለ ይጐትተው ነበር። ፍራንክሊን ሰንጠረዥ በጣም የሚወድ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ የጥናቱ ጊዜ በጨዋታው መበላቱንም አየ። በመጨረሻ አንድ ስምምነት አቀረበ፤ ያሸነፈ በተሸነፈው ላይ የጣልያንኛ ሥራ ይጥልበታል፤ የሰዋስው ክፍል በቃል መያዝ ወይም ትርጕም መሥራት ሊሆን ይችላል፤ ተሸናፊውም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በክብሩ ምሎ ሊፈጽም ይገደዳል። ሁለቱ በችሎታ እኩያ ስለ ነበሩ እየተራረቱ ቋንቋውን ተማሩት። በኋላ ስፓኒሽም ጨመረ። በልጅነቱ አንድ ዓመት ብቻ ተምሮ የጣለውን ላቲን አንድ ቀን ቢያነሣው ከጠበቀው በላይ ገብቶት ተገረመ። በመኝታ ቤታችን ውስጥ ለካርታና ለኳስ የሚውለው ሰዓት እንዲህ ያለ ስምምነት ቢደረግበት ስንት ሰዋስው ይጠና ነበር!

አሁን ወደ ሰሌዳው ደረስን። በዚሁ ዘመን ገደማ ፍራንክሊን ከጥፋት ሁሉ ነጻ የሆነ ሰው ለመሆን አሰበ። ወጣት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ምግብና መጠጥን ከመመጠን ጀምሮ 13 ምግባሮችን ዘረዘረ፤ መጀመሪያ ዐሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንድ ወዳጁ ትዕቢተኛ መሆንህን ሰው ሁሉ ያውቃል ስላለው ትሕትናን ጨመረ። ለያንዳንዱ ምግባር አንድ ገጽ ያለው ትንሽ ደብተር ሠርቶ በቀይ ቀለም አሰመረ፤ ሰባት ዓምድ ለሰባቱ ቀን፣ ዐሥራ ሦስት መስመር ለዐሥራ ሦስቱ ምግባር ሆነ። ማታ ማታ ራሱን መርምሮ በስሕተቱ ቦታ ጥቍር ነጥብ ያደርጋል። በየሳምንቱ አንዱን ምግባር ብቻ አጥብቆ ይጠብቃል፤ አትክልተኛ አረሙን በአንድ ጊዜ ሁሉን ሳይሆን መደብ በመደብ እንደሚነቅል ማለት ነው፤ ምሳሌውም የራሱ ነው። በ13 ሳምንት አንድ ዙር፣ በዓመት አራት ዙር ይሆናል።

ሦስተኛው ምግባር ሥርዓት ነበር፤ ዕቃ ሁሉ ቦታ፣ ሥራ ሁሉ ሰዓት ይኑረው የሚል ነው። ዝነኛው ሰሌዳ የወጣው ለዚህ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል፤ እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ይታጠባል፣ ይጸልያል፣ የቀኑን ሥራ ያሰናዳል፣ የያዘውን ጥናት ይቀጥላል፣ ቍርሱን ይበላል። ከ2 እስከ 6 ሰዓት ሥራ ነው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያነባል ወይም የሒሳብ መዝገቡን ያያል፣ ምሳም ይበላል። ከ8 እስከ 12 ሰዓት እንደ ገና ሥራ ነው። ከዚያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ዕቃውን ወደየቦታው ይመልሳል፣ እራቱን ይበላል፣ ሙዚቃና ጨዋታ ያደርጋል፣ ቀኑን ይመረምራል። ከ4 ሰዓት በኋላ እንቅልፍ ነው። በራስጌው ጧት የሚጠይቀው ጥያቄ አለው፤ ዛሬ ምን በጎ ሥራ እሠራለሁ የሚል ነው፤ በግርጌው ደግሞ ማታ ምን በጎ ሥራ ሠራሁ ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ሰሌዳ ከእኔ አምስት ሰሌዳዎች ጋር አስተያየሁት። የእርሱ ሰባት ሰዓት ይተኛል፤ የእኔ አራት ተኩል። የእርሱ ምሽቱን ለእራት፣ ለዜማና ለወዳጅ ትቶታል፤ በእኔ ሰሌዳ ወዳጅ የሚባል ፍጡር የለም። ጥናት በእርሱ ሰሌዳ ውስጥ ያላት ቦታ የጧቱ ሦስት ሰዓት ከፊሉና የምሳው ትርፍ ብቻ ነው።

እንዲህም ሆኖ አልጠበቀውም! ከ13ቱ ምግባሮች ሁሉ አብዝቶ ያስቸገረው ሥርዓት እንደ ነበረ ፍራንክሊን በግልጽ ጽፏል። ምክንያቱንም ይሰጣል። ተቀጥሮ ለሚሠራ ለቃሚ ሰሌዳው ሊመች ይችል ይሆናል፤ የማተሚያ ቤት ባለቤት ግን ደንበኛው በመጣ ሰዓት መቀበል አለበት፤ ሰው በሰሌዳ አይመጣም። ከዚህም ሌላ የማስታወስ ኀይሉ ጥሩ ስለ ነበረ በወጣትነቱ የሥርዓት ጕድለት አልጐዳውም፤ ስለዚህም አልለመደውም፤ ሲያረጅና ማስታወሱ ሲደክም ግን ጕድለቱ ታወቀው። በመጨረሻ ተስፋ ሊቈርጥ ሲል አንድ ታሪክ ያስታውሳል። ሰውዬው መጥረቢያ ገዛ፤ ስለቱ ብቻ ሳይሆን መላው ብረት እንዲያበራለት ፈለገ። ባለ እጁ መንኰራኵሩን አንተ ካዞርህልኝ እስለዋለሁ አለው። ድንጋዩ ከባድ ነበርና ሰውዬው እያዞረ ደከመ፤ በየጊዜው ቆም እያለ ይመለከታል፤ በመጨረሻ ይበቃል፣ እንዳለ ልውሰደው አለ። ባለ እጁ ቀጥል፣ ገና ዝንጕርጕር ነው ቢለው፣ ሰውዬው እኔ ዝንጕርጕሩን መጥረቢያ ሳልወድ አልቀርም ብሎ ሄደ። ፍራንክሊን ይህን የሚተርከው በራሱ ላይ እየሳቀ ነው።

ምልክቱን ግን አልተወም። አዲስ ዙር ሲጀምር የድሮውን ነጥብ እየፋቀ ስለሚጽፍ ደብተሩ ተበሳሳ፤ ስለዚህ ሰንጠረዡን ወደ ዝሆን ጥርስ ገጾች ገለበጠው፤ መስመሮቹን በማይለቅ ቀይ ቀለም አሰመረ፣ ነጥቦቹን በእርሳስ እያደረገ በርጥብ ስፖንጅ ያብሳቸው ነበር። ሰሌዳው በደንበኞች እግር ሲረገጥ የማታው ምርመራ ቀጠለ። ካሰበው በላይ ጥፋት እንዳለበት አየ፤ ሲቀንስ በማየቱም ደስ አለው።

እዚህ ላይ ከፍራንክሊን አድናቂዎች ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። ማተሚያ ቤቱ ቆሞ ሳለ ያ የንባብ ሰዓት የተገኘው በእርሱ ትጋት ብቻ አልነበረም። በ1730 አብራው መኖር የጀመረችው ባለቤቱ ዲቦራ ወረቀት ታጥፋለች፣ ትጠርዛለች፣ ሱቅ ትጠብቃለች፣ ለወረቀት ሠሪዎች የሚሆን አሮጌ ጨርቅ ትገዛለች። ለእርሷ የወጣ ሰሌዳ በመጽሐፉ የለም። በቤቱም ባሮች ነበሩ። ራሱ ከጌታው የኮበለለ ለማጅ የነበረ ሰው፣ በሚያሳትመው ጋዜጣ የኮበለሉ ባሮችንና ለማጆችን የሚያስፈልጉ ማስታወቂያዎች ለገንዘብ ያወጣ ነበር። በእርግጥ ኋላ ሐሳቡን ለውጦ በ1787 በፔንሲልቫኒያ የባርነት ተቃዋሚዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 1790ም ባርነት እንዲቀር የሚጠይቅ ማመልከቻ በፊርማው ለኮንግሬስ አቀረበ። ሆኖም የትጉህ ሰው ሰዓት ሲመሰገን በሰዓቱ ውስጥ የሌላ ሰው ጕልበት ስንት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በየቤታችን እኛ ደብተር ይዘን ስንቀመጥ ቡናውን የምታፈላው እኅታችን ናት።

በ1748፣ በ42 ዓመቱ፣ ማተሚያ ቤቱን ለሸሪኩ ለዴቪድ ሆል ትቶ ከሥራ ወጣ፤ አሁን ጊዜ አገኘ። ስለ ኤሌክትሪክ ያደረገው ምርምርና መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ለማረጋገጥ ያቀደው ሙከራ ስሙን በአውሮፓ አስጠራው፤ በ1753 የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የኮፕሊን ሜዳሊያ ሰጠው። ሁለት ዓመት ብቻ ትምህርት ቤት የገባው ሰው የክብር ዶክተር ተባለ። ሥርዓቱ ግን አልተሻሻለም። በ1778 ጆን አዳምስ ለአሜሪካ ጉዳይ ፓሪስ አጠገብ ወደሚገኘው መኖሪያው ሲደርስ፣ ዶክተሩ ቍርሱን አርፍዶ እንደሚበላ፣ ከቍርስ በኋላም ቤቱ በጠያቂ እንደሚሞላ፣ ወረቀት ለማስፈረም እንኳ ሰዓት ማግኘት አስቸጋሪ እንደ ሆነ እያዘነ ጻፈ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚለው መስመር የት እንደ ደረሰ እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ።

የሕይወት ታሪኩን በ1771 በ65 ዓመቱ ጀምሮ ተወው፤ በ1784 በፈረንሳይ አገር ቀጠለበት፤ ስለ 13ቱ ምግባሮችና ስለ ሰሌዳው የጻፈው ያን ጊዜ ነው። በ1788 እንደ ገና አነሣው። መጽሐፉ እስከ 1750ዎቹ ማብቂያ ግድም ደርሶ ቆመ፤ የአሜሪካ አብዮት አልደረሰበትም። ስለ ምግባር ትምህርት ራሱን የቻለ ሌላ መጽሐፍ ለመጻፍም ከወጣትነቱ ጀምሮ አስቦ ነበር፤ ስሙን እንኳ አውጥቶለታል፤ አልጻፈውም። የዐሥራ ሦስቱ ሳምንት ዙርም መጀመሪያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ እየሆነ ሄደ፤ በመጨረሻ ጕዞና የመንግሥት ሥራ ሲበዛበት ፈጽሞ ቀረ። በ84 ዓመቱ ኤፕሪል 17 ቀን 1790 በፊላደልፊያ ሞተ። ምልክት ማድረጉን ከተወ በኋላም ቢሆን፣ በሄደበት አገር ሁሉ ትንሹን ደብተር ይዞ ይዞር ነበር።